በሁከት ውስጥ ያለ ሥርዓት፦ ከጎጃም ሽለላ እስከ ኤሌክትሮኒክስ የሙዚቃ አልበሞች

በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች በሠርግም ሆነ በሌላ ድግስ ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሽለላ ሲጀምር፣ ከታዳሚዎቹ አንዱ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎና ዱላውን ጨብጦ ይነሣል። «ዘራፍ!» ብሎ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ደግሞም ይመለሳል። ድምፁ ይሻክራል፣ ቃላቱም እርስ በርስ ይደራረባሉ። በአንድ በኩል እልልታ፣ በሌላ በኩል የአጃቢዎች ጩኸት ይሰማል። ማሲንቆውም አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ስሜቱን ያጋግላል። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ይህን ሲያይ ጠብ የተነሣ ሊመስለው ይችላል።

የአካባቢው ሰው ግን አይደነግጥም። ፉከራው በምን ቃል እንደሚጀመር፣ ፎካሪው የአባቶቹን ስምና የራሱን ጀብዱ መቼ እንደሚጠራ፣ የማን አሽከር መሆኑን በየትኛው ቦታ እንደሚናገር፣ በመጨረሻም ማን «ተው» ብሎ እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። ከውጭ ሲታይ ሁከት የሚመስለው ነገር ከውስጥ ሲታይ የታወቀ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ሥርዓት ነው። ይህ አገራዊ ዕውቀት በአሁኑ ወቅት ከሌላ ዓለም ተነሥቶ በእጅ ስልክ አማካኝነት የትኛውም የወረዳ ከተማ ድረስ ሊሰማ የሚችለውን አዲስ የሙዚቃ ዓይነት ለመመዘንም ይረዳል። ይኸውም ሸካራና የተመሰቃቀለ የሚመስል ድምፅን ከኤሌክትሮኒክስ ድምፆች ጋር የሚያዋህደው የሙከራ ሙዚቃ ሲሆን፣ ከስልቶቹ መካከል በተለይ ብላክ ሜታል በሚል ስያሜ የሚታወቀው የሮክ ሙዚቃ ዘርፍ ይጠቀሳል።

ብላክ ሜታል ስያሜውን ያገኘው ቬኖም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ በ1982 ካሳተመው ተመሳሳይ ርዕስ ያለው አልበም ነው። የራሱን ቅርጽ ይዞ የወጣው ግን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ላይ በኖርዌይ ነው። የዘርፉ መለያዎች በቀላሉ ሊዘረዘሩ የሚችሉ ናቸው። የኤሌክትሪክ ጊታሩ ክር ያለማቋረጥ በከፍተኛ ፍጥነት ይመታል። ከበሮውም እንዲሁ ፋታ በማይሰጥ ፍጥነት ይደበደባል። ድምፃዊው በመዝፈን ፈንታ ይጮኻል። ቀረጻው ደግሞ ሆን ተብሎ ያልጠራና የሻከረ እንዲሆን ይደረጋል። የጊታሩ ሻካራነት የሚመጣው የድምፅ ማጉያው ከአቅሙ በላይ እንዲሠራ ሲደረግ ነው። ማጉያው ሊሸከመው የማይችለው የድምፅ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፤ ከዚህም የተነሣ በዋናው ድምፅ ላይ ሌሎች ተደራራቢ ድምፆች ይታከሉበታል። ጆሮ ይህን እንደ መሻከር ይሰማዋል።

የዘርፉ ስም በበጎ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በኖርዌይ ከዚህ ሙዚቃ ጋር ግንኙነት ያላቸው ጥቂት ወጣቶች እ.ኤ.አ ከ1992 ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። ከእነዚህም መካከል በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በበርገን ከተማ የነደደው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ይገኝበታል። እ.ኤ.አ በ1993 የነፍስ ግድያ ወንጀል የተፈጸመ ሲሆን፣ ፈጻሚው በቀጣዩ ዓመት በፍርድ ቤት ተፈርዶበታል። የሃይማኖት ተቋማትን በሚያከብር ኅብረተሰብ ዘንድ ይህ ታሪክ ሥጋትና ቁጣ ቢፈጥር ተገቢ ነው። ይሁንና የኖርዌይ የፍትሕ አካላት የፈረዱት በተፈጸመው ወንጀል ላይ እንጂ በጊታሩ ድምፅ ላይ አልነበረም። ድርጊትንና ድምፅን ለይቶ ማየት ስለ ጉዳዩ የሚወስን ማንኛውም አካል ሊይዘው የሚገባ የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ) ሁለተኛ አጋማሽ ከዘርፉ ሙዚቀኞች አንዳንዶቹ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎችን ወደ ሥራቸው ማስገባት ጀመሩ። ሚስቲከም የተባለው የኖርዌይ ባንድ እ.ኤ.አ በ1996 ባሳተመው የመጀመሪያ አልበሙ ከበሮ መቺን በመሣሪያ ተክቷል። ሌላው የኖርዌይ ባንድ ዶድሃይምስጋርድ እ.ኤ.አ በ1999 ባወጣው አልበም የብላክ ሜታልን ጩኸት ከኤሌክትሮኒክስ ድምፆች ጋር አዋህዷል። ኡልቨር የተባለው ባንድ ደግሞ ከዚሁ ዘርፍ ተነሥቶ እ.ኤ.አ በ2000 ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ተሸጋግሯል።

የእነዚህ ሥራዎች አሠራር ከመጀመሪያ ግምት የተለየ ነው። ብዙ አድማጭ የሁከቱ ምንጭ ማሽኑ፣ የሥርዓቱ ምንጭ ደግሞ ሰው እንደሆነ ያስባል። እውነታው ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። የከበሮ ማሽን ለሰከንድ ቅንጣት እንኳ ሳይዛነፍ ምቱን ይጠብቃል፤ አይደክምም፣ አይቸኩልም። የሰው ጩኸትና የጊታሩ መሻከር በዚህ ጥብቅ መለኪያ ላይ እየተላተሙ ይሄዳሉ። ሙዚቃው ስሜት የሚሰጠው ከሁለቱ መጋጨት ነው። ማሽኑ ባይኖር ጩኸቱ መልክ ያጣል፤ ጩኸቱ ባይኖር ደግሞ ማሽኑ ሕይወት አይኖረውም። በጎጃም ድግስ ላይ በአንድ ቦታ የሚመላለሰው ማሲንቆ ለፎካሪው የሚሰጠው አገልግሎትም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

ሸካራ ድምፅን ሆን ብሎ መፍጠርም ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። ከፈረስ ጭራ በተሠራ ክር የሚዘጋጀው ማሲንቆ በደጋን ሲገዘገዝ የሚያወጣው ድምፅ ጥርት ያለ ሳይሆን ብዙ ድምፆችን ያዘለ ነው። አሥር አውታር ያለው በገና ደግሞ ይበልጥ ግልጽ የሆነ ምሳሌ ነው። የበገና ደርዳሪዎች በእያንዳንዱ ጅማትና ጅማቱ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ያስገባሉ። ጅማቱ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይንቀጠቀጣል፤ የታወቀው የበገና ግርማም ከዚህ ንዝረት ይገኛል። ቆዳው ቢወጣ ድምፁ የጠራ ይሆናል፤ በገና መሆኑ ግን ይቀራል። አገልግሎታቸው ፈጽሞ የተለያየ ቢሆንም፣ ድምፅን አሻክሮ ክብደት መስጠት የሚለው ጥበብ በደገኛው ዘንድ የኤሌክትሪክ ማጉያ ከመፈጠሩ እጅግ አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ታሪክም ቢሆን ከዚህ አካባቢ የራቀ አይደለም። ግብፃዊው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ በ1944 በካይሮ ከተማ በሽቦ ላይ ድምፅ በሚቀርጽ መሣሪያ የሴቶች የዛር ሥርዓትን ቀርጸው፣ ድምፁን በገደል ማሚቶ መፍጠሪያና በሌሎች ዘዴዎች ለውጠው አዲስ ሥራ አዘጋጅተዋል። ይህ ሥራ በዓለም የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ ታሪክ ከቀደምቶቹ አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል። ጥሬ ዕቃው የተወሰደው በኢትዮጵያም በሚገባ ከሚታወቀው የዛር ሥርዓት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ኤል ዳብ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። እ.ኤ.አ በ1963ም ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሥርተዋል። ኦርኬስትራውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመሩት የሙዚቃ ባለሙያው ተስፋዬ ለማ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ኤሌክትሮኒክስን ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ያገናኘው ሌላው ጉልህ ሥራ የተሠራው በውጭ አገር ነው። በዋልያስ ባንድ አባልነታቸው የሚታወቁት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ በ1985 በዋሽንግተን ባሳተሙት አልበም የወጣትነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክስ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህደዋል። አልበሙ እ.ኤ.አ በ2013 እንደገና ሲታተም ከመጀመሪያው ኅትመት በእጅጉ የሰፋ የውጭ አድማጭ አግኝቷል። ሃያ ስምንት ዓመት የቆየ ካሴት እንደ አዲስ ሥራ መሰማቱ ተቀርጾ የተቀመጠ ድምፅ ዋጋው በወጣበት ዓመት ብቻ እንደማይለካ ያሳያል።

የሁከቱን ወገን በሚመለከት ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ በ1935 በይፋት የተወለዱት ጌታቸው በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ የተጫወቱ ሲሆን፣ በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን ሽለላን ወደ ሳክስፎን በማምጣታቸው ነው። የፎካሪውን መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ጩኸትና ትንፋሽ መሰብሰብ በናስ መሣሪያ አስመስለው፣ አንዳንዴም በጀግና ልብስና በአንበሳ ጎፈር አጊጠው መድረክ ላይ ይወጡ ነበር።

እ.ኤ.አ በ2004 ዘ ኤክስ የተባለው የኔዘርላንድ ባንድ የተመሠረተበትን 25ኛ ዓመት በአምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን በእንግድነት ጋበዘ። ዘ ኤክስ በሸካራ የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፁና ከተለመደው የዘፈን አካሄድ በወጣ የሙከራ ሥራው የሚታወቅ ባንድ ነው። ከዚህ ግንኙነት እ.ኤ.አ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተሰኘው አልበም፣ እ.ኤ.አ በ2012 ደግሞ ሁለተኛ አልበም ታተሙ። በሰባ ዓመት ዕድሜ ላይ የነበሩት ኢትዮጵያዊ ሽማግሌና ከእርሳቸው በብዙ የሚያንሱት የአውሮፓ ሙዚቀኞች የተግባቡት አንዱ ወገን የሌላውን ስልት በመኮረጁ አይደለም። ጊታሮቹ ሻካራ ድምፃቸውን አልተዉም፤ ጌታቸውም ሽለላቸውን አላለዘቡም። ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት ድምፅን እስከ መጨረሻው ጫፍ አድርሶ ሥርዓቱን አለመልቀቅ በሚለው የጋራ ችሎታ ነው። ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ ሚያዝያ 2016 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ አልበሞቹ ሽለላ ከማንኛውም ዘመናዊ የጩኸት ሙዚቃ ጋር እኩል ሊቆም እንደሚችል ማስረጃ ሆነው ቀርተዋል።

የኤሌክትሮኒክሱ ወገን በአዲስ አበባ ወጣት ባለሙያዎች ተይዟል። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል የመድረክ ስም የሚታወቁት እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ በውጭ አሳታሚዎች በኩል ያወጧቸው ሥራዎች «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» በሚል መጠሪያ ይታወቃሉ። ሚካኤል በአሜሪካ ኒው ጀርዚ ሙዚቃ ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ በ2016 «ዘላለም» የተሰኘውን ሥራ አቅርበዋል። በእነዚህ ሥራዎች የአዝማሪ ድምፅና የማሲንቆ ምት በኮምፒውተር ይቆራረጣል፣ ይደጋገማል፣ ይዘረጋል፤ ከጥልቅ የኤሌክትሮኒክስ ምቶች ጋርም ይገጣጠማል። የተቆራረጠው ድምፅ በመጀመሪያ ሲሰማ የተበታተነ ይመስላል። ደጋግሞ ለሰማው ግን ቁርጥራጮቹ የሚመለሱበት ቦታ የተወሰነ መሆኑ ይገለጻል።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ሁከትንና ኤሌክትሮኒክስን የያዙት ሥራዎች ሁሉ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። የጌታቸው ሳክስፎን የሚጠቅሰው ፎካሪውን ነው፤ የወጣቶቹ ኮምፒውተር የሚቆራርጠው የአዝማሪውን ድምፅ ነው። ምንጩ የሚገኘው ደግሞ እንደ ጎጃም ባሉ ደጋማ አካባቢዎች፣ ትምህርቱን ከአባቱ ወይም ከዘመዱ በጆሮው በተቀበለው አዝማሪና ከአርበኝነት ዘመን ጀምሮ የወረደውን ፉከራ በሚያስታውሰው ሽማግሌ ዘንድ ነው። ዋናው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ሙዚቀኛው ኮምፒውተሩን ነገም ሊገዛው ይችላል። ሳይቀረጽ የሞተ ሽማግሌ ያውቀው የነበረውን ፉከራ ግን ከየትም ሊያመጣው አይችልም።

በዚህ ረገድ መንግሥታዊ አካላት ያለባቸው ኃላፊነት በሕግ የተደነገገ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ ነጻነትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብና ለሥነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ የባህል ቅርሶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ በ2003 በዩኔስኮ የጸደቀውን ስምምነት እ.ኤ.አ በ2006 ተቀብላለች። ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ በባሕርያቸው ከዚህ የቅርስ ዓይነት የሚመደቡ ናቸው።

የከዋኞችን ጥቅም በተመለከተም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግልጽ መነሻ ይሰጣል። በአዋጁ መሠረት ያልተቀረጸ ክዋኔን ለመቅረጽ የመፍቀድ መብት የከዋኙ ነው። መብቱም ለ50 ዓመታት ጥበቃ ይደረግለታል። በ2007 ዓ.ም የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ደንግጓል። ይህ ማለት በአንድ የሠርግ ቤት የተቀረጸ የአዝማሪ ድምፅ ነገ በኮምፒውተር ተቆራርጦ በሌላ አህጉር በሚሸጥ አልበም ውስጥ ቢገባ፣ አዝማሪው መብቱን ሊጠይቅ የሚችለው ማን፣ መቼና የት እንደቀረጸው ሲታወቅ ነው። መዝገብ ከሌለ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

በመሆኑም በባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ተቋማትና በመገናኛ ብዙኃን የሚሠሩ ባለሙያዎች በመደበኛ ሥራቸው ላይ ብዙ ወጪ ሳይጨምሩ ሊፈጽሟቸው የሚችሉ ተግባራት አሉ። የመጀመሪያው በበዓላትና በባህል ዝግጅቶች ላይ የሚቀርቡ ሽለላዎችንና ፉከራዎችን ሳይቆራረጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መቅረጽ ነው። ለዜና የሚበቃው ግማሽ ደቂቃ ለቅርስነት አይበቃም። ሁለተኛው ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የከዋኙን ስም፣ ቀበሌና ዕድሜ፣ ዕውቀቱን ከማን እንደተቀበለ፣ የተቀረጸበትን ቀንና ቦታ መመዝገብ ነው። ሦስተኛው ከዋኙ ድምፁ ለምን አገልግሎት እንደሚውል ተነግሮት በሚገባው ቋንቋ ፈቃዱን እንዲሰጥ ማድረግና የቅጂውን አንድ ግልባጭ ለራሱ ማስረከብ ነው። አራተኛው ቅጂዎቹ በአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ እንዳይቀሩ ቢያንስ በሁለት ቦታ እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። ሠራተኛ ይዛወራል፣ ኮምፒውተርም ይበላሻል።

ያልተለመደ ሙዚቃ ይዘው ድጋፍ፣ አዳራሽ ወይም የአየር ሰዓት የሚጠይቁ ወጣቶች ሲቀርቡ ደግሞ ውሳኔው በመጀመሪያው ደቂቃ ስሜት ላይ ባይመሠረት ይመረጣል። ሥራው የሚያነሣሣው ወደ ወንጀል ነው ወይስ ወደ ስሜት? የጥላቻ ቅስቀሳ አለበት ወይስ ጩኸት ብቻ ነው? የሚደጋገመው ነገር ምንድን ነው? የተጠቀመባቸው የሌሎች ሰዎች ድምፆች በፈቃድ የተገኙ ናቸው? እነዚህ ጥያቄዎች ከመሣሪያው ዓይነትና ከዘርፉ ስም ይልቅ ለውሳኔ ይጠቅማሉ። ወንጀል ካለ ሕግ አለ፤ ድምፁ ሻካራ መሆኑ ግን ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሻካራነት ጥፋት ቢሆን ኖሮ ፉከራ አስቀድሞ በተከለከለ ነበር።

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ለዚህ ሥራ ምቹ ሁኔታ አላቸው። ከተማዋ የምሥራቅ ጎጃም ዞን ዋና ከተማና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። ዙሪያዋም ከጥንት ጀምሮ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የሚገኙበት፣ ሰምን ከወርቅ ለይቶ መስማት ትምህርት ሆኖ የኖረበት አገር ነው። ቅኔ የሚያዳምጥ ሰው ላይ ላዩን በተባለው ብቻ አይረካም፤ ከሥሩ ያለውን ይፈልጋል። ሁከት የሚመስል ሙዚቃን ለመስማትም የሚያስፈልገው ይኸው ልምድ ነው። ሽለላውን በሙሉ ቅርጹ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ድምፃቸው ከስማቸው ጋር ከተመዘገበ፣ የሚቀጥለው ትውልድ በማሲንቆም ሆነ በኮምፒውተር የሚሠራበት ምንጭ ይኖረዋል። ይህ ካልሆነ ግን ወጣቱ ሙዚቀኛ የሚቆራርጠው ድምፅ የሌላ አገር ድምፅ ብቻ ይሆናል።